የቦኬው ሰሌዳ

አጥናፉ ክፉ ሰው አልነበረም፤ ምላሱ ግን ስለት ነበረው፤ የሬዲዮ ሠራተኛ ምላስ ደግሞ ሩቅ ይደርሳል። በስልሳ ዘጠኝ ክረምት፣ ጦርነቱ ሐረርጌን ሲያምሳት፣ አሰበ ተፈሪ ውስጥ አንዲት የቆርቆሮ ክፍል ተቀምጦ የአውራጃውን መንገዶች በጥቁር ሰሌዳ ይከታተል ነበር። የትኛው ክፍት ነው፣ የትኛው ፈንጂ ተቀብሮበታል። ሾፌር ሁሉ እሱን ሳይጠይቅ ሞተር አያስነሳም።

የአሰበ ተፈሪው ጄኔሬተር ቆሞ ሬዲዮው ሲዘጋ አገሩ እንዳይደናገር ሁለተኛ ሰሌዳ ቦኬ ላይ ተሰቅሏል። እሱን የምትይዘው ሞሚና ናት፤ አሰበ ተፈሪ ተወልዳ ያደገች፣ ሬዲዮውንም ያስተማራት ራሱ አጥናፉ። ሰሌዳው ላይ አንድ ነገር በቀየረ ቁጥር ይጠራታል፤ እሷም «ተቀብያለሁ ጋሼ» ትልና በራሷ ሰሌዳ ላይ ትቀይራለች። የአሰበ ተፈሪ ድምፅ ከጠፋ ከቦርደዴም ከአሰቦትም የሚጠይቅ ሁሉ ወደ ቦኬ ይዞራል። ሁለቱ ሰሌዳዎች አንድ ዓይነት ነገር እስካሉ ድረስ ሰው በሰላም ይገባል።

አንድ ጠዋት ጄኔሬተሩ ቆመ። ቦርደዴ ያደረው ሾፌር አብዱልቃዲር ቦኬን ጠየቀ። ሞሚና ሰሌዳዋን አየችና የአሰቦት መንገድ ክፍት ነው አለችው። አጥናፉ ግን መንገዱን በዋዜማው ከሰዓት በኋላ ዘግቶት ነበር። መኪናው ማሽላ ጭኖ ነበር፤ በማሽላው ላይ ደግሞ ሰው። ፈንጂው ላይ ሲወጣ ከሁሉም የተረፈችው አንዲት ሴት ብቻ ናት።

ሞሚናን በማግስቱ አሰሯት። ክሱ አንድ ቃል ነው፤ አሻጥር። ያን ጊዜ በዚህ ቃል የገባ ሲወጣ አልታየም። አጥናፉን የአውራጃው ኮሚቴ ጠራውና «ቦኬ ሂድ፣ ሬዲዮው ተበላሽቶ እንደሆነ መርምረህ ንገረን» አለው። ተበላሽቶ ከተገኘ ልጅቷ ትፈታለች።

እናቷ ኩብራ ወደ ቦኬ የሚወስደው መኪና ጋ ጠበቀችው።

«ማሎ አጥናፉ፣ እባክህ፣ ሬዲዮው ሞቷል በል። ብረት አይታሰርም፤ የታሰረችው ልጄ ናት።»

«እስቲ መጀመሪያ ልየው» አላት።

ቦኬ ደርሶ ባትሪውን ለካ፤ ደህና ነው። ምሰሶው ላይ ወጥቶ የአንቴናውን ሽቦ በጣቱ ተከተለ፤ አልተበጠሰም። አሰበ ተፈሪ በእሱ ቦታ የተቀመጠውን ዳምጤን ጠዋት አነጋገረው፤ ቃል በቃል ይሰማል። ከሰዓት በኋላ ግን ተራራው ላይ ደመና ሲከመር ማዳመጫው በቆሎ እንደሚቆላበት ምጣድ ይንጣጣ ጀመር፤ የዳምጤም ድምፅ ተቆራረጠ። የእሱ ድምፅ ግን ወደ ዳምጤ ጥርት ብሎ ይደርሳል። ክረምት ሲሆን እንዲህ ነው፣ ብልሽት አይባልም። መድኃኒቱም ይድገሙልኝ ማለት ብቻ ነው።

ከዚያ ሞሚና ከታሰረች ወዲህ ማንም ያልነካውን ሰሌዳ አየ። በአደጋው ዋዜማ ጠዋት የላከው ለውጥ ሁሉ አለ፤ ከሰዓት የላከው አንድም የለም። ለእያንዳንዱ ግን «ተቀብያለሁ» ስትል በገዛ ጆሮው ሰምቷል። ግራ ገባው፤ ተነሥቶ ወደታሰረችበት ሄደ።

«ሳትሰሚ ለምን ተቀብያለሁ አልሽ?»

ሞሚና መሬት መሬቱን አየች። «አንድ ቀን ይድገሙልኝ ስልዎት ያሉኝን ረሱት፣ ጋሼ?»

ረስቶታል።

«ጆሮሽን ቦኬ ገበያ ሸጥሽው እንዴ፣ አሉኝ። ሾፌሮቹ ሁሉ በየሬዲዮው ጣቢያ ሆነው ይሰሙ ነበር። ወላሂ፣ ገበያ በወጣሁ ቁጥር ጆሮሽን በስንት ሸጥሽው ይሉኝ ነበር።»

ከዚያ ወዲህ ይድገሙልኝ ብላ አታውቅም። ያልሰማችውን በማግስቱ ከአሰበ ተፈሪ ከሚደርሰው የመጀመሪያ መኪና ጠይቃ ሰሌዳዋን ታስተካክላለች። እንዲህ አንድ ሌሊት ወደኋላ እየቀረች ወራት አለፉ፤ ማንም ልብ አላለም። ያን ዕለት ግን መኪና ሳይደርስ ጄኔሬተሩ ቆመ።

አጥናፉ ልማዱ ነውና መጀመሪያ የተናደደው በእሷ ነው። ቀጥሎ ቀልዱ ትዝ አለው። ሾፌሮቹ ሲስቁ እሱም አብሮ ስቆ ነበር። በዕድሜው እንደዚያ አፍሮ አያውቅም።

ወደ አሰበ ተፈሪ ሲመለስ መንገዱን ሁሉ የኩብራን ቃል ሲያወጣና ሲያወርድ መጣ። ቢዋሽ ሌላ ባለሙያ አስመጥተው ያስመረምራሉ፣ ያን ጊዜ ይብስባታል ብሎ ፈራ። ደግሞም እውነቱን ከነገርኳቸው ይሰሙኛል ብሎ አመነ፤ ሞኝ ነው።

«ሬዲዮው ደህና ነው» አለ ኮሚቴው ፊት ቆሞ። «ጥፋቱ የእኔ ነው። ይድገሙልኝ እንዳትል አፏን የዘጋሁት እኔ ነኝ።»

ሊቀመንበሩ የመጀመሪያዋን ዓረፍተ ነገር ብቻ ጻፈ። «ሬዲዮው ደህና መሆኑን እርግጠኛ ነህ?»

«እርግጠኛ ነኝ፤ ግን ልጅቷ...»

«ተቀብለናል፣ ጓድ። ወደ ሥራህ ተመለስ፤ ሌላ ሰው የለንም።»

ሞሚናን ወደ ድሬዳዋ ጫኗት። ከዚያ ወዲያ ወሬዋ አልተሰማም። ኩብራ በእሱ በር ስታልፍ ፊቷን ታዞራለች፤ እሱም አይፈርድባትም።

ቦኬ ላይ ረዲያ የምትባል ልጅ ተተካች። አጥናፉ ምላሱን አለዘበ፤ እንዲያውም ሾፌሮቹ ምነው፣ አሞህ ነው ወይ እስኪሉት ድረስ። ረዲያ ግን ሞሚና ምን እንደደረሰባት ሰምታ ነው ወንበሩ ላይ የተቀመጠችው። አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ፣ ደመናው ተራራው ላይ ተከምሮ ሳለ፣ የቁኒ መንገድ መዘጋቱን ነገራት።

«ተቀብያለሁ ጋሼ።»

«የትኛው መንገድ ነው ያልኩሽ፣ ልጄ? እስቲ መልሰሽ ንገሪኝ።»

በአጥናፉ መስኮት ላይ ቦኬ የሚወርድ ሾፌር ቁልፉን ይዞ ይጠብቃል።

«ካልሰማሽ አልቆጣሽም። አልሰማሁም በይኝ ብቻ።»

የእሷ ድምፅ በእሱ በኩል ጥርት ብሎ ይሰማል። መንቀጥቀጧን ሳይቀር ሰማው።

«ተቀብያለሁ» አለች ረዲያ። «ተቀብያለሁ ጋሼ።»