የኮቱ ስፖንጅና የንጋቷ ጉንጭ

ንጋቷ የኮቱን ገበር በብብቱ በኩል ትተረትረዋለች። የረገበውን አሮጌ ስፖንጅ ታወጣለች። አዲሱን ከትከሻው ሥር አስገብታ በመዳፏ ትጫነዋለች፤ ካበጠባት ጠርዙን በመቀስ ትከረክመዋለች። ከከንፈሮቿ መሀል ስፒል እየመዘዘች ጨርቁን ትይዘዋለች። ከዚያ በሰፋፊ ስፌት ለጊዜው አያይዛ፣ ኮቱን ሰቅላ፣ ፈቀቅ ብላ ታየዋለች። ካልጣማት ትፈታዋለች። ዛሬ ደጋግማ ፈታችው። ስፒሉን በመዘዘች ቁጥር ጣቷ ወደ ጉንጯ ይሄዳል።

ንጋቷ ሚዛን ተፈሪ ገበያ አጠገብ ስትሰፋ የኖረች ሴት ናት። መንጋጋ ጥርሶቿን ድሮ አስነቅላለች። አምና ደግሞ ጨጓራዋ አሟት ከሳች። ታክማ ዳነች፤ ተመርምራም ጤነኛ ነሽ ተብላለች። ሰውነቷ ተመለሰ፤ ጉንጯ ግን እንደጎደጎደ ቀረ።

የሚያስቸግራት ሰላምታው ነው። "እንዴት ነሽ" ሳይባል "ምነው ከሳሽ?" ይቀድማል። ስፒል ከንፈሯ ላይ ሲሆን ደግሞ ጉንጯ ይብስ ይሰረጉዳል፤ መልስም አትሰጥም።

አንድ ቀን የቤተ ክርስቲያኗ መዘምራን ተጠሪ ማራናታ ሱቋ ገባች። ንጋቷ የአንድ ደንበኛ ሱሪ እየለካች ነበር።

"እህት ንጋቷ፣ አሞሽ ነው እንዴ?"

ንጋቷ ስፒሉን በከንፈሯ እንደያዘች፣ ርዝመቱ ልክ መሆኑን ለደንበኛው በራሷ እየነቀነቀች፣ "እህም" አለች። ማራናታ መልሱን ለራሷ ወሰደችው።

በሳምንቱ እሁድ የመዘምራኑ ሴቶች ሙዝና ማር ይዘው ቤቷ መጡ። ሳትቀመጥ እጅ ጭነው ይጸልዩላት ጀመር።

"ኧረ እኔ ጤነኛ ነኝ!" አለች።

"አሜን! እንደሱ በእምነት ተናገሪ!" አሏት።

ሲወጡ ማራናታ በር ላይ እጇን ያዝ አድርጋ፣ "ላንቺ ልንሰጠው የነበረውን የመዘምራኑን ልብስ ለባየ ሰጥተነዋል። እንዳትደክሚ ብለን ነው" አለቻት። ባየ ከማዶ ያለው ልብስ ሰፊ ነው። የመዘምራኑን ልብስ የሰፋ ደግሞ የበዓሉን ልብስ ሁሉ ይሰፋል፤ ሰው ያየውን ያሠራል።

ንጋቷ ሌሊቱን ስትገላበጥ አድራ፣ ጠዋት ጎረቤቷ ሁስና ፀጉር ቤት ገባች። "ሁስና፣ ይሄን ፊቴን ምን ላድርገው?"

"አስሞይዋ!" አለች ሁስና። "ፊለር የሚሉት መርፌ አለ፤ የጎደጎደ ጉንጭ ይሞላል። ከአዲስ አበባ የምትመጣ ልጅ እዚሁ ወንበሬ ላይ ትወጋሻለች።"

"ምንድን ነው የምትሞላው?"

"እኔ ምን አውቄ! እንደ ስፖንጅሽ በይው።"

"ስፖንጁ ካልሆነልኝ እፈታዋለሁ። ይሄስ ይፈታል?"

ሁስና ለልጅቷ ደውላ ስልኩን ለንጋቷ ሰጠች። ልጅቷ፣ "አይዞሽ እናቴ፣ አይበላሽም" አለች።

"ከተበላሸስ?"

"አይበላሽም አልኩሽ።"

"መድኃኒቱ ስሙ ማነው?"

"የኮሪያ ነው።"

ስልኩ ሲዘጋ ንጋቷ፣ "የውጭ ነው ብለው የሸጡልኝ ጨርቅ ሁሉ ሲታጠብ ቀለሙ ለቋል" አለች። ሁስና፣ "ወላሂ እውነትሽን ነው" ብላ ሳቀች። ንጋቷ ግን አልሳቀችም፤ መስታወቱ ፊት ቆማ ጉንጯን በአየር ነፋች።

"መለከት የምትነፊ መሰልሽ" አለቻት ሁስና።

"እንዲህ ነበርኩ" አለች ንጋቷ።

ጨርቅ ልትገዛ ጅማ የሄደች ዕለት የቆዳ ሐኪም ዘንድ ገባች። ያቺኑ ጥያቄ ጠየቀችው። የሚፈታ ዓይነት አለ፤ ቢበላሽ በሌላ መድኃኒት ይሟሟል፤ ባይበላሽም ከጊዜ በኋላ ራሱ ይጠፋል፤ እንደገና ማስሞላት ይመጣል አላት። የደም ሥር ውስጥ ከገባ ግን ቆዳ ይገድላል፤ ዓይንም ሊያጠፋ ይችላል፤ ስለዚህ ማሟሟቻው በእጁ ካለ ሐኪም ውጭ ማንም እንዳይነካሽ አላት። አስቀድማም የጥርስ ሐኪም እንድታይ መከራት፤ ጉንጩን ደግፎ የሚይዘው ጥርሱም ነውና።

ልጅቷን ተወቻት። ሐሳቡን ግን አልተወችውም። ኮቱን ስትሰፋ አጠገቧ ተቀምጬ፣ ለሰው አፍ ብላ እንደሆነ ስጠይቃት መቀሱን አስቀመጠች። "ለራሴም ነው። መስታወት ውስጥ እናቴ ናት የምትታየኝ። እናቴን እወዳታለሁ፤ እኔ ግን ገና ነኝ።"

የጥርስ ሐኪም ቀጠሮ ይዛለች፤ መርፌውን ከዚያ በኋላ ትወስናለች። ማራናታንም ሄዳ አነጋግራታለች። "ታዲያ ለምን እህም አልሽ?" ብላ ደነገጠች ማራናታ፤ የመዘምራኑ ጨርቅ ግን ባየ ዘንድ ተቆርጧል። የተቆረጠ ጨርቅ አይመለስም።

ይህን እንደምጽፍ ስነግራት ኮቱ ላይ የመጨረሻውን ክር በጥሳ ለአንባቢ አንድ ነገር አደራ አለችኝ፦

"ሱቄ ስትመጡ አፌ ላይ ስፒል ካያችሁ ስለ ጤናዬ አትጠይቁኝ። ቆም በሉ፤ ስፒሉን ላውጣ። ከዚያ የምላችሁን ስሙኝ፣ የያዛችሁትንም ልብስ ስጡኝ።"