ወረታ የቆመችው መኪና

ጠዋት አንድ ሰዓት ላይ የመሣሪያ ቦርሳዬን አንግቤ ከባሕር ዳር ተነሣሁ። የመሥሪያ ቤታችን መኪና ወረታ ላይ ቆማለች። ሾፌሩ ጋሼ እንድሪስ ሃያ ዓመት መሪ የጨበጡ፣ የወረታ ነጋዴ ልጅ ናቸው። በአንድ ሳምንት ሦስት ጊዜ መንገድ ላይ ቀጥ አለችባቸው። በሦስተኛው የተሳፈረው ኃላፊ ጭቃ ለጭቃ በእግሩ ከተማ ገባና «ይሄ አሻጥር ነው!» አለ። በዚያ ዘመን ይህች ቃል ቀልድ አልነበረችም። የተሰጠኝም ትእዛዝ አጭር ነው፤ የብልሽቱን ምክንያት በጽሑፍ አምጣ፣ ካጣህ ሾፌሩ ይታሰራል።

አባይ ድልድይ ላይ ከአውቶቡስ አውርደው ፈተሹን። ፈታሹ ቦርሳዬ ውስጥ ሽቦና አምፖል ሲያይ ዐይኑ ፈጠጠ።

«ምንድን ነው ይሄ?»

«የመኪና ኤሌክትሪክ ሠራተኛ ነኝ፤ ደብዳቤዬ ይኸው።»

ደብዳቤውን አገላብጦ ማኅተሙን አይቶ ለቀቀኝ። ዘንዘልማ ላይ ገበሬው ጤፉን ያርማል። ሐሙሲት ስንቆም ቅቅል ድንች ገዝቼ ቆሜ በላሁ፤ ሚጥሚጣው አፌን አነደደው። ከጉማራ ወንዝ ወዲያ የፎገራ ሜዳ ውኃ ተኝቶበታል፤ ከብቱ እስከ ጉልበቱ ገብቶ ይግጣል።

ወረታ፣ አራት ሰዓት

መኪናዋ ቀበሌው ግቢ ቆማለች። ጋሼ እንድሪስ አጠገቧ፣ ጠመንጃ የያዘ ጥበቃ አጠገባቸው።

«እሰይ፣ መጣህልኝ!» አሉኝ፣ እጄን በሁለት እጃቸው ይዘው። «ወላሂ አንዲት ብሎን አልነካሁም።»

«አውቃለሁ ጋሼ። ፊውዙ ነው የሚቃጠለው?»

«እሱ ነው። ኮረኮንች ላይ ብቻ። ደልዳላው ላይ ምንም አትል።»

ባትሪው ደህና ነው። የቁልፉን ማዞሪያ ፈታሁ፤ እሱም ደህና። በአምፖልና በሁለት ሽቦ የሠራኋትን መፈተሻ ይዤ ሽቦውን ከፊውዙ ወደ ሞተሩ ተከተልሁ። መኪናዋ ከጀርመን የመጣች ናትና ሞተሯ አጠገብ የመመርመሪያ ሶኬት አላት። ፋብሪካው ያበጃት ብልሽት የሚለይ ማሽን እንዲሰካባት ነው። ማሽኑን እኛ አገር አይቼው አላውቅም። ስለዚህ ሶኬቷ ሥራ እንዳትፈታ ብለን የቅስቀሳ ድምፅ ማጉያ እንቀጥልባታለን።

ከሶኬቷ የወጣው ሽቦ በቆርቆሮ ቀዳዳ ሲያልፍ ተልጧል። መኪናዋ ስትንገጫገጭ መዳቡ ቆርቆሮውን ይነካል፣ ፊውዙ ይቃጠላል፣ ሞተሩ ይጠፋል። «አገኘሁት!» ልል አፌን ስከፍት ዐይኔ መጋጠሚያው ላይ ዐረፈ። በቀይ የብስክሌት ጎማ ካላማዳሪያ ተጠቅልሎ በልብስ ስፌት ክር ታስሯል። የሽቦ መጠቅለያ ናስትሮ ሲጠፋ እንዲህ የሚያስር እኛ ጋራዥ አንድ ሰው ነው፤ እኔ። አምና ለአብዮት በዓል ቅስቀሳ ሲያጣድፉኝ የቀጠልሁት እኔ፣ የቀዳዳው ጠርዝ ላይ ላስቲክ ማድረግ የረሳሁትም እኔ።

«አገኘኸው?» አሉ ጋሼ እንድሪስ።

«ጋሼ፣ የእኔ ሥራ ነው።»

ትክ ብለው አዩኝ። ጥበቃውን ሰረቅ አድርገው ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ። «አይጥ በላው ብለህ ጻፍ። ልጆች አሉህ።»

እውነቴን ነው የምላችሁ፣ ልቤ ከጀለው።

«አይጥ ብል ማን ያምነኛል? ቢላዋ ነው ይሉና እርስዎን ይይዛሉ» አልኋቸው።

ጭኔ ላይ ወረቀት ዘርግቼ እንዳለ ጻፍሁት። ለቀበሌው ሊቀ መንበር የተላጠውን አሳየሁ፤ መኪናዋንም ሾፌሩንም በፊርማዬ ተረከብሁ።

መመለስ

አዲስ ሽቦ ገጥሜ ጠርዙን ላስቲክ አለበስሁት። ጋሼ እንድሪስ እስከ ሐሙሲት ሆን ብለው ጉድጓድ እየመረጡ ነዱ፤ ወገቤ ተንቀጠቀጠ፣ ፊውዙ ግን አልተቃጠለም። አባይ ድልድይ ስንደርስ ጣና በስተቀኝ ታየ። አሥር ሰዓት ላይ ቤቴ ገባሁ።

በማግስቱ የሂስና የግለ ሂስ ስብሰባችን ነበር። ሁላችንም በየሳምንቱ የማትጎዳ ጥፋት ይዘን እንመጣለን፤ የእኔ ዘወትር «አረፍዳለሁ» ናት፣ አርፍጄ ባላውቅም። ያን ቀን የተላጠውን ሽቦ ይዤ ቆምሁ። «ያሰርሁት እኔ ነኝ፤ ሾፌሩ የለበትም» አልሁ። ቅጣቴ ሦስት ወር ጎማ መፍታት ሆነ። ከዚያ ወዲህ ሽቦ ከማሳለፌ በፊት ጠርዙን በጣቴ እዳብሳለሁ፤ የጉዞው ትምህርት ይኸው ነው።

ቅጣቱ ከመነገሩ በፊት ሰብሳቢው በዚህ ጓድ ላይ ሂስ ያለው ካለ ብሎ ጠየቀ። ከኋላ ጋሼ እንድሪስ እጃቸውን አወጡ።

«እኔ አለኝ» አሉ። «ይህ ሰው ሁልጊዜ አረፍዳለሁ እያለ ይዋሻል። እኔ ዘንድ የደረሰው በሰዓቱ ነው።»