የንስሐ አግዳሚ

አናጢው መጠጣቱን መንደሩ የሚያውቀው በማግስቱ ነው። ሱቁ በጠዋት ይከፈታል፤ መላጊያው መጮኽ ይጀምራል፤ ሰጋቱራው እስከ መንገዱ ይበተናል። ከዚያ አዲስ አግዳሚ ወንበር በትከሻው ተሸክሞ ወደ ቤተ ክርስቲያን ይወጣል። ዓመታት እንዲህ አለፉ። ምእመናኑ በኃጢአቱ ላይ ተመቻችተው ተቀምጠው ይጸልያሉ።

ሰውን ይቅርታ ጠይቆ አያውቅም። ወንበሩ ይናገርልኛል ባይ ነው። አድርሶ ሲመለስ ትከሻው ይቀለዋል፤ እሱ ግን የቀለለው ነፍሱ ይመስለዋል።

የሴት ልጁ ሠርግ በደረሰበት ሳምንት የእጮኛዋ ወላጆች ለመተዋወቅ ቤት መጡ። አናጢው “አንድ ብቻ፣ አፌን እንዲፈታልኝ” ብሎ ወጣና አፉ ከሚገባው በላይ ተፈትቶ ተመለሰ። ማዕድ ላይ ወደ እጮኛዋ አባት ዘንበል አለ።

“ልጄ ጨዋ ናት። ብቻ ፍራሹን ላስቲክ አልብሱት። ትምህርት ቤት ገብታም ስታርሰው ነበር።”

የሳቀው እሱ ብቻ ነው። እንግዶቹ ሳህናቸውን አዩ። ልጅቷ ማንኪያዋን ቀስ ብላ አስቀምጣ ወደ ጓዳ ገባች። ከዚያ ወዲያ አላናገረችውም፤ በእናቷ በኩል ብቻ ላከችበት። “ሠርጌ ላይ አይምጣ።”

የአፍ ወለምታ በቅቤ አይታሽም ይላሉ። እሱ በቫርኒሽ ሊያሸው ተነሳ።

ከሠራቸው ሁሉ የተሻለውን ሊሠራ አሰበ፤ መደገፊያውን ሳይቀር ቀረጸው። ለመጨረስ ቸኩሎ ግን አንዱን እግር ከምልክቱ አሳጥሮ ቆረጠው። አየው። ዝም ብሎ ቫርኒሽ ቀባው።

ወንበሩን ተሸክሞ ሲወጣ የመንገድ ዳሩ ልብስ ሰፊ ከስፌት መኪናው ቀና አለ። “ዛሬስ ቫርኒሽ ቫርኒሽ ትላለህ። ትናንትናስ ምን ምን ስትል ነበር?”

“ሥራህን ስፋ!” አለው አናጢው።

አባ በቤተ ክርስቲያኑ በር ላይ ተቀበሉት። ወንበሩን በእጃቸው ዳሰሱት፤ ተቀመጡበት። ወንበሩ ወደ አንድ ጎን ዘመም አለ።

“ለማን ሠራኸው?”

“ለእግዚአብሔር ነዋ፣ አባ።”

“እግዚአብሔር ቆሞ አይደክመውም። ማንን በድለህ ነው?”

አናጢው መሬት መሬት አየ። “ልጄን።”

“ታዲያ እዚህ ምን አመጣህ?”

“ንስሐ...”

“ስትጠጣ ለራስህ ታደላለህ፤ ስትሠራም ለራስህ ታደላለህ። ይሄ ወንበር እሷን ከመጋፈጥ የሸሸህበት ነው። ጥፋቴም ነው፤ መቀመጫ እያማረኝ ዝም አልኩህ።” አባ ተነሱ። “ክርስቶስ ነጻ ያወጣህ በእንጨት እንድትከፍለው አይደለም። መልሰህ ውሰደው።”

ያንኑ መንገድ ያንኑ ወንበር ተሸክሞ ወረደ። እንዲህ ከብዶት አያውቅም። ልብስ ሰፊው መርፌውን ከአፉ አወጣ።

“እንዴ! እግዜር መለሰብህ?”

አናጢው እርምጃውን አፈጠነ። ጆሮው ድረስ ቀላ።

ቤት ሲደርስ ልጁ ሳሎን ወለሉ ላይ ተቀምጣ ለአዲሱ ቤቷ የምትወስደውን አንሶላ ታጥፍ ነበር። አንሶላውን ሲያይ እግሩ ደጃፉ ላይ ቀረ።

“ምንድን ነው እሱ?” አለች ቀና ሳትል።

“ላንቺ...”

“አባዬ፣ እኔ ቤተ ክርስቲያን አይደለሁም።”

ወንበሩን ውጭ አስቀመጠው። ባዶ እጁን ገባ።

“ሰክሬ ነበር” አለ። እሷ ማጠፏን ቀጠለች። ሰበብ መሆኑን ራሱም ሰማው። “ስካሩም አይደለም። እንግዶቹን ላስቃቸው ፈለግሁ። አንቺን አዋርጄ ልወደድ ፈለግሁ።” ቀጣዩ ቃል የእንጨት አንጓ እንዳገኘ ምስማር ተጣመመበት። “ይቅር በይኝ።”

ልጅቷ አንሶላውን ጭኗ ላይ አኖረች።

“ያኔ እናቴ ሳታይ ሌሊት ተነስቶ አንሶላዬን የሚያጥብልኝ ማን ነበር?”

“እኔ።”

“‘የኔና ያንቺ ምስጢር ነው’ ያለኝስ?”

“እኔ” አለ።

“እሱን ነው ማዕድ ላይ ያወጣኸው። እንጂ መሽናቴ ምን ያሳፍራል? ልጅ ነበርኩ።”

የሚይዘው መላጊያ ቢያገኝ በወደደ ነበር። ቆመ። እሷም ተቀመጥ አላለችውም።

“ይቅር ብዬሃለሁ አላልኩም” አለች በመጨረሻ። “ግን እሁድ ሠርጌ ላይ ና። ወንበር ይዘህ እንዳትመጣ።”

እሁድ ለሠርጉ ቤተ ክርስቲያን መጣ፤ አልጠጣም። ከኋላ፣ መቼ እንደሠራው በማያስታውሰው አግዳሚ ጫፍ ላይ ተቀመጠ። የእጮኛዋ አባት ዞር ብለው ሲያዩት አንገቱን ደፋ። እጆቹን የት እንደሚያደርጋቸው ጠፍቶት ነበር። ልጁ በአጠገቡ ስታልፍ አላየችውም፤ ወይም አይታ አለፈችው። እሱ ግን አልሸሸም። ሥርዓቱ እስኪያልቅ ድረስ እዚያው ተቀመጠ።