ኩሌ በሁለት ዓይኗ

«በአንድ ዓይን አልሥላትም አልሁ እኮ! ሞቼ እገኛለሁ!» ይበልጣል ብሩሹን ቀለም መበጥበጫው ጣሳ ውስጥ ወረወረው።

«ወንድምጋሼ፣ ወደ ጎን ዞራ እኮ ነው የምትመታው። ወደ እኛ እያየች እንዴት አድርጋ ትመታዋለች?»

«ቅዱስ ጊዮርጊስ ዘንዶውን ሲወጋ ወደ ማን ነው የሚያየው? ወደ እኛ። ስቶት ያውቃል?»

ሳቄ መጣ፤ ግን የሚሳቅበት ቀን አልነበረም። በማግስቱ ማለዳ ከደብረ ማርቆስ ልወጣ ነው። ታላቅ ወንድሜ ይበልጣል ዲያቆንና የቤተ ክርስቲያን ሠዓሊ ነው። እኔ ደግሞ ማንም ሳያስተምረኝ ግጥም የምጽፍ ሴት ነኝ። ያን ክረምት ፈረንጆቹ ኮሚክ የሚሉትን የሥዕል መጽሐፍ አብረን ጀምረን ነበር፤ ታሪኩ የእኔ፣ ሥዕሉ የእሱ። ዘመኑ ገና ያልመጣ ዘመን ነው፤ ዓባይ ደርቋል፤ ከሰማይ የወረዱ የብረት ወታደሮች ሸለቆውን እየቆፈሩ ነው። ኩሌ የምትባል የጎጃም፣ የአነደድ ልጅ ትነሣባቸዋለች። የተወረወረባት ሁሉ፣ ድንጋዩም እሳቱም፣ ገላዋ ውስጥ ገብቶ ጉልበት ይሆናታል። ከአንዱ ገደል ወደ ማዶው ትዘላለች፤ በጡጫ ብረት ታቀልጣለች። ጥቁር ናት፤ እንደ ኩል የጠቆረች።

የተጣላነው እዚህ ላይ ነው። በአገራችን ሥዕል የጻድቅ ፊት ሙሉ ነው፤ ሁለቱም ዓይኖቹ ይታያሉ። በጎን፣ በአንድ ዓይን የሚሣለው ሰይጣን ነው፣ ይሁዳ ነው፣ ጌታን የሰቀለው ጭፍራ ነው። ሰይጣን ደግሞ ጥቁር ነው።

«ጥቁር አድርጌ፣ በጎን፣ በአንድ ዓይን! እናታችን ብታያት አታማትብም?»

«እናታችን ራሷስ ምን ትመስላለች? እኔስ? ቀይ ነኝ?»

ብሩሹን ከጣሳው መልሶ አወጣ። ኋላ ታረቅን። ኩሌ ጥቁር ትሁን፤ ግን እየዘለለችም እየመታችም ሁለት ዓይኗ አይጉደል። አንድ ዓይን ለብረቶቹ ይሁን። ይህ ስምምነት ምን እንደሚያመጣብን ሁለታችንም አላሰብንም።

ለምን እንደወጣሁ ማርቆስ ያላችሁ አትጠይቁኝም። በስደት ላላችሁት ግን ልንገራችሁ፤ አብረውኝ ግጥም ያነበቡ ልጆች ተጠርተው ወጡና አልተመለሱም። ማን እንደጠራቸው የሚናገር የለም። ከዚያ ወዲህ ስሜ በመንገድ ላይ ሲጠራ ዞር ማለት ተውሁ።

ሥዕሎቹን በጋቢዬ ጠቅልዬ አውቶቡስ ተሳፈርሁ። አምበርን አልፈን ደጀን ስንደርስ ቆምን። ጠመንጃ የያዘ ወጣት ገባ። የማን ወገን እንደሆነ አይጠየቅም፤ «እሺ ወንድም» ነው የሚባለው። ጋቢዬን ፈታው።

«ይች ማን ናት?»

«ኩሌ ትባላለች። ተረት ናት።»

«እነዚህ ወታደሮችስ?»

«ከሌላ ዓለም የመጡ ብረቶች ናቸው።»

«ለምን አንድ ዓይን ብቻ አላቸው?»

«ሰንፌ ነው» አልሁ።

«እኔም ቆሎ ተማሪ ነበርሁ» አለኝ ረጋ ብሎ። «በዚህ አታሞኝኝም። አንቺ ነሽ የሣልሽው?»

«እኔ ነኝ።»

እስክርቢቶ ሰጠኝ። «እንግዲያው እኔን ሣይኝ።»

እኔ እንኳን ሰው፣ እንስራም መሣል አልችልም። ክብ አሰመርሁ። አጠገቤ የተቀመጡ አንዲት እማሆይ ወደ ጆሮዬ ጠጋ ብለው «ሁለቱንም ዓይን ደኅና አድርገሽ አውጪለት፣ የኔ ልጅ» አሉኝ። እያንዳንዱን ዓይን እንቁላል አሳከልሁት።

ወረቀቱን ወስዶ ብዙ አየው። «ድንች ነው የመሰልሁት» አለ። ተሳፋሪው ሳቁን ዋጠ። «ይህን የሣለ እጅ ያንን አልሣለም። ያ የቤተ ክርስቲያን እጅ ነው። የማን እንደሆነ የሚያውቅ አይጠፋም።» ከመሀል አንዱን ገጽ አጥፎ ኪሱ ከተተና ወረደ።

ዓባይን ስንወርድ ሰው ሁሉ ገደሉን እያየ ያማትባል። እኔ ገደሉን አላየሁትም። አዲስ አበባ እንደገባሁ ለይበልጣል ደውዬ የሆነውን ነገርሁት።

«የእኔ እጅ መሆኑን ማን ያውቃል?» አለኝ።

«ከቁይ እስከ ደጀን የሣልኸው ግድግዳ ሁሉ!»

ሳቀ። እኔ አልሳቅሁም። በሞያሌ በኩል ወደ ኬንያ ከደላላ ኋላ በእሾህ መሀል ስንሾልክ እንኳ፣ አብራን የነበረች አንዲት ሴት ሳሏ እንዳይሰማ ነጠላዋን ነክሳ ስትሻገር፣ እኔ የምፈራው ለራሴ አልነበረም።

ናይሮቢ ደጋ ናት፤ የሐምሌ ብርዷ ማርቆስን ያስመስላታል። ግን ጠዋት ሰው ሲያገኝሽ ቆሞ የቤትሽን፣ የከብትሽን ደኅንነት አይጠይቅም፤ ማታቱ የሚሉት ሚኒባስ ሊያመልጠው ነው። ኡጋሊ የሚሉት ምግብ ገንፎን ይመስላል፤ መሀሉን ቅቤ የነፈጉት ገንፎ። ቤት ያከራየችኝ ሴትዮ በመጀመሪያው ቀን ከላይ እስከ ታች አየችኝ።

«ከየት ነሽ?»

«ከኢትዮጵያ።»

«ውሸት! የኢትዮጵያ ሴት ቀይ ናት፤ ፀጉሯ እስከ ወገቧ ነው። ካንቺ በፊት የነበረችው እንደዚያ ነበረች።»

«እኔ የደጋ ነኝ» አልሁ።

«ደጋ ያጠቁራል እንዴ?» ጥቂት አሰበችና ቁልፉን ሰጠችኝ። «ይሁን፤ ፖሊስ ሲመጣ አፍሽን ከዘጋሽ የእኛ ልጅ ትመስያለሽ።»

አፌን ዘግቼ ከረምሁ። በሩ በተንኳኳ ቁጥር ትንፋሼን እይዛለሁ። ኋላ ኦቲዬኖ ከሚባል ኮሚክ አሳታሚ ልጅ ጋር ተዋወቅሁና የቀሩትን ገጾች አሳየሁት።

«ለምንድን ነው ሰው እየመታች እኔን የምታየኝ? ፎቶ እየተነሣች ነው?» ብሎ በሳቅ ፈነዳ። ነገሩን ሳስረዳው ሳቁን አቆመ። ኩሌ ከገደል ገደል ስትዘል፣ ፊቷ እንደ መልአክ ወደ እኛ ዞሮ፣ ደጋግሞ አያት። «ምንም እንዳትነኪው። ሠዓሊውን አምጪው፤ የቀረውን እዚህ ይጨርሰው።»

ባለፈው እሑድ ከሰዓት ደወልሁ።

«ወንድምጋሼ፣ ተነሥና ና። ሥራም አለህ፣ ማደሪያም አለህ።»

«የቤተ ክርስቲያኑ ጣራ ሥዕል አላለቀም። ዓይን የምሥለው በመጨረሻ መሆኑን ታውቂያለሽ። ሐዋርያቱን ዕውር አድርጌ ልሂድ?»

«ሐዋርያት ይታገሣሉ!»

«እነሱስ ይታገሡ ነበር፤ ቄሰ ገበዙ ናቸው የማይታገሡት።»

«አትቀልድ! ስለ አንተ የጠየቀ ሰው አለ?»

«ሠዓሊው የት ነው የሚያድረው ብለው ጠየቁ አሉ። ሥዕል ሊያሠሩ ይሆናል።»

«እነማን?»

«እንግዶች።»

«በእመብርሃን፣ ይበልጣል፣ ዛሬውኑ ውጣ!» በስሙ ጠርቼው አላውቅም ነበር። እሱም ደነገጠ መሰለኝ።

«እሺ፣ ነገ ከእናታችን ጋር...» አለና አቋረጠ። ከደጅ የወንድ ድምፅ ሰማሁ። በአክብሮት ነው የጠራው፣ «ዲያቆን! ዲያቆን ይበልጣል!» ብሎ።

«ሰው ነው፣ እታለም። ቆይ።»

«አትክፈት! አለሁ አትበል!»

«ሳወራ ሰምተውኝ እንዴት የለሁም እላለሁ? ደግሞ በጠራራ ፀሐይ ማን ምን ያደርገኛል?»

ስልኩን ሳይዘጋ አንድ ነገር ላይ አስቀመጠው። ጫማውን ሲፈልግ ሰማሁ። «እንዴት ዋላችሁ» ሲል ሰማሁ፤ ደጅ ያለው አንድ ሰው ብቻ አልነበረም ማለት ነው። ስሙን እየደጋገምሁ ጮኽሁ። እርምጃው ከቤት ወጣ፤ የቆርቆሮው በር ተዘጋ።