የተሟሸው ጠርሙስ

ባለፈው ሰሞን ልጄ የምትሠራበትን ላቦራቶሪ አስጎበኘችኝ። ከሐይቅ የተቀዳ ውሃ ፍሎው ሳይቶሜትር በሚሉት ማሽን አሳለፈች፤ ማሽኑ ረቂቅ ተሕዋስያኑን አንድ በአንድ አሰልፎ፣ ብርሃን እያበራባቸው ይቆጥራል። እኔ ወሎ ውስጥ፣ በመካነ ሰላም ከተማ፣ አንድ ዓይኔን ጨፍኜ በማይክሮስኮፕ የቆጠርኩበት ዘመን ትዝ አለኝና ፈገግ አልኩ።

በደርግ ጊዜ ነው፤ የጤና ጣቢያ ላቦራቶሪ ሠራተኛ ሆኜ መቀጠሬ ነበር። ኅዳር ላይ፣ ገብስ ታጭዶ አገሩ ሁሉ ገለባ ገለባ ሲሸት፣ ወደ ወግዲ በሚወስደው መንገድ ዳር ያለች የአንዲት መንደር ምንጭ እንድመረምር ታዘዝኩ። ቆሻሻ ከሆነ ሊዘጋ ነው። ከተዘጋ ደግሞ ውሃ የሚገኘው ገደል ተወርዶ ከወንዝ ነው። የመንደሯ መሪጌታ ባለቤት እማማ አስካለ የሽምብራ ቆሎ አቀረቡልኝ። እኔም በአልኮል የጸዳ ጠርሙስ ሰጠኋቸውና፣ በማግስቱ ማለዳ ሌላ ሰው ሳይቀዳ እንዲሞሉልኝ ለምኜ ወደ ከተማ ተመለስኩ።

የሞሉትን አምጥቼ በማይክሮስኮፕ ሳየው ክው አልኩ። በረቂቅ ተሕዋስያን የተጨናነቀ የቅዳሜ ገበያ ነው! አለቃዬም አይቶ፣ «በቃ፣ ይዘጋ» አለ። የሰው ሽምብራ በልቼ ምንጩን ላስዘጋ ነው? ደግሜ አየሁ። እንቁላል መሳይ ናቸው፤ አንዳንዶቹም ትንንሽ ልጅ አዝለዋል። ይሄማ እርሾ ነው! እርሾ ከምንጭ ምን ይሠራል?

ዳገቱን እየሮጥኩ ወደ መንደሯ ተመለስኩ።

«እማማ፣ ጠርሙሱን ምን አደረጉት?»

«አሟሸሁታ! መድኃኒት መድኃኒት ሸተተኝ። አዲስ ዕቃ ሳይሟሽ ይቀዳበታል እንዴ? በጠላ አተላ አሳደርኩና ለቅለቅ አድርጌ ቀዳሁልህ። አጠፋሁ ልጄ?»

«አብሽሩ እማማ!» አልኩ፤ ከደስታዬ ብዛት አቀፍኳቸው። መሪጌታ በሳቅ ፈረሱ።

ሌላ ጠርሙስ ይዤ ራሴ ቀዳሁ። ውሃው ጥርት ያለ ሆኖ ተገኘ፤ አለቃዬም ትእዛዙን ሻረ።

ይህን ስነግራት ልጄ፣ «ያኔ ይህ ማሽን ቢኖርህ ኖሮ አትደናገጥም ነበር» አለችኝ።

«ቢኖረኝማ የእማማ አስካለን እርሾ አንድም ሳያስቀር ይቆጥረው ነበር» አልኳት።

እሷ ሳቀች፤ እኔ የምሬን ነበር። ያን ዳገት ተመልሼ ባልወጣው ኖሮ፣ ያ ሁሉ ሰው በእኔ ትክክለኛ ቆጠራ ገደል ሲወርድ ይኖር ነበር።