ባለ ቢጫ ተረከዙ ካልሲ

የበደለኝ መቶ አለቃ ግርማ ነው። የበደለኝም በሰሜን ግንባር፣ እኛ «ቆፈን» ብለን በምንጠራው ጉብታ ላይ፣ ጉብታውን ለቀን መልሰን በያዝንበት ቀን ነው። በኋላ ሻምበል ሆኗል። እኔ በማውቀው ማዕረግ እጠራዋለሁ።

ያኔ የጋንታችን ሬዲዮ ኦፕሬተር ነበርኩ። አሁን ኮልፌ ቀራንዮ እኖራለሁ። ክረምት ገብቶ ወጨጫ በጉም ሲሸፈን፣ ጋቢዬን ደርቤ፣ የዝንጅብል ሻዬን አጠገቤ አድርጌ የሱፍ ካልሲ እሠራለሁ። ቀይ፣ አረንጓዴ፣ ወይን ጠጅ። ዝናቡ ቆርቆሮውን ሲደበድብ እግሬ ሞቆ መስማት እወዳለሁ። ጎረቤቶቼ «ጡረታ እንዲህ ነው!» ይሉኛል። ይበሉ። ለሰው መሥራት የት እንደጀመርኩ ጠይቆኝ የሚያውቅ የለም።

ቆፈን ላይ ከጠላት በፊት ብርዱ ደረሰብን። ካልሲ አልታደለንም። እግራችንን በጨርቅ ጠቅልለን ጫማ ውስጥ እንከት ነበር፤ ጨርቁ ሲረጥብ ይሸበሸብና እግር ይልጣል። ወንዶቹ ከቤት የተላከላቸውን ሹራብ አመጡልኝና ተረተርኩት። ከተሰበረ የአንቴና ዘንግ የካልሲ መሥሪያ ሞርጄ አወጣሁ። እንዳይቀያየርባቸው ለእያንዳንዱ የተለየ ቀለም ሰጠሁ። የመትረየስ ተኳሹ የአበራ ሰማያዊ ነበር። ተረከዙ ላይ ስደርስ ክሩ አለቀብኝና በቢጫ ሠራሁት።

«እታለም፣ ዶሮ አደረግሽኝ እኮ!» አለኝ አበራ እግሩን እያገላበጠ። «ጠላት ቢያየኝ አርዶ ይበላኛል።»

«በዚህ ቅጥነትህ መረቅ እንኳ አይወጣህም» አለው አሥር አለቃ ቸሬ።

ከዚያ ወዲህ ስሙ «ዶሮው» ሆኖ ቀረ። የጎጃም ልጅ ነበር። ሲስቅ አፉን በእጁ ይሸፍናል።

በዚያ ቀን ጎህ ሲቀድ የጠላት ከባድ መሣሪያ ጀመረን። ከዚያ በግራ በኩል እግረኛ መጣ። አበራ ከፊታችን ባለው ቋጥኝ ሥር ብቻውን መትረየሱን ይዟል። ሬዲዮ የለውም። የማፈግፈግ ትእዛዝ ደረሰኝ። ለመቶ አለቃው አስተላለፍኩ።

«ለአበራ ማን ይንገረው?» አልኩ።

«ስንሄድ ያየናል። ተንቀሳቀሱ!»

«እኔ ልሂድ» አለ ቸሬ።

«ተንቀሳቀሱ ብያለሁ!»

ወረድን። መትረየሱ ከኋላችን ይሰማ ነበር። ሸለቆውን እስክንሻገር አላቋረጠም። ከተሻገርን በኋላ ቆመ።

ከቀትር በኋላ አጋዥ ጦር ደርሶልን ጉብታውን መልሰን ያዝን። ቋጥኙ ሥር አንድ ሬሳ አለ። ፊቱ አይለይም። ጫማውን ወስደውታል። ካልሲውን ትተውለታል።

«አበራ ነው» አልኩ።

መቶ አለቃ ግርማ ጎንበስ ብሎ አየ። «መታወቂያ የለው። በካልሲ ሰው ይታወቃል እንዴ? የጠላት ሬሳ ነው። የኛን ገፍፎ አድርጎ ነው።»

«አበራስ ታዲያ የት ሄደ?»

«ከድቷል።»

እናንተ ያኔ ያልነበራችሁ ይህች ቃል ምን እንደምታደርግ ላታውቁ ትችላላችሁ። «ተሰውቷል» ከተባለ ቤተሰቡ ያለቅሳል፣ ፍታት ያስፈታል፣ ጡረታ ያገኛል። «ከድቷል» ከተባለ ሰውየው በሕይወት አለ ማለት ነው። በሕይወት ላለ ሰው ድንኳን አይተከልም። መቶ አለቃው ግን ቃሏን ፈልጓታል። አበራ ቦታው ላይ ሞተ ካለ፣ ለምን ሳይነገረው ቀረ ብለው ይጠይቁታል።

ቸሬና እኔ ሬሳውን ራሳችን ቀበርነው፤ ድንጋይ ከመርንበት። እኔ ለሻለቃው አመለከትኩ። መልሱ ፈጥኖ መጣ፤ ከሬዲዮ አውርደው ደጀን ወጥ ቤት ሰደዱኝ። «ሴቲቱ ጥጋበኛ ናት» ብሎ ነበር ግርማ። ጦሩ እስኪበተን ሽንኩርት ላጥኩ።

ዘንድሮ ክረምት ቸሬ ሞተ። ዓለም ባንክ ሰፈር ለቅሶው ላይ ተቀምጠናል። መቶ አለቃ ግርማ ፊት ለፊቴ ነው። አንድ ጎልማሳ ስለ ቆፈን ጠየቀው።

«ጉብታው የተለቀቀው በአንድ ከሃዲ ነው፣ ልጄ» አለ። «መትረየሱን ይዞ ገባላቸው።»

«ስትሸሽ ከኋላህ ሲሸፍንህ የነበረው የማን መትረየስ ነው ታዲያ?» አልኩት።

ዞሮ አየኝ። «አንቺ ሴትዮ፣ ዛሬም ያንን ካልሲ ነው የምትተረትሪው?»

አንዳንዱ ፈገግ አለ። የቸሬ ሚስት አስካለ ግን ከተቀመጠችበት ተነሣች። «እውነቷን ነው» አለች። «ባለቤቴ የቀበረውን ሰው ያውቃል። የአበራ እህት ቤቴል ሰፈር መግባቷን የሰማው አልጋ ከያዘ በኋላ ነው። ሲሻለኝ ሄጄ እነግራታለሁ ይል ነበር።»

ምስክር የቀረሁት እኔ ብቻ ነበርኩ። በማግሥቱ ቤቴል ሄድኩ።

እህቱ ዘነብ ትባላለች። ሁሉንም ነገርኳት።

«እናቴ ይመጣል እያለች ጥቁር ሳትለብስለት ሞተች» አለች። «ስትቀብሩት ማን ብላችሁ ቀበራችሁት?» አለችኝ።

«አበራ ብለን።»

«ክርስትና ስሙ ኃይለ ሚካኤል ነው፣ እትዬ።»

አላውቅም ነበር። አብረን ስሙን ፍታት እንዲፈቱለት ለነፍስ አባቷ ሰጠን።

በዚያ ቀን ከጋንታችን የሞቱት ሰባት ናቸው። ግርማ ሪፖርት ያደረገው ስድስት ብሎ ነው። ሌላ የምለው የለኝም። ጦርነቱ ትክክል ነበር አልነበረም የሚለውን የሚያውቁ ይጻፉት። እኔ የማውቀው ቁጥሩን ነው።

የአበራ የለቅሶ ድንኳን ቤቴል ተተከለ። እኔ በሩ ላይ ተቀመጥኩ። ከቀትር በኋላ መቶ አለቃ ግርማ ጥቁር ኮት ለብሶ መጣ።

«ሰው ከለቅሶ አይከለከልም» አለኝ።

«ሰባት በል» አልኩት።

ኮቱን አስተካክሎ ሊያልፈኝ እግሩን አነሣ።

አላስገባሁትም።