ስልሳ አራት ስንት ነው?

በደርግ ጊዜ ታላቅ እህቴ ናዝሬት ከተማ በአንድ ጤና ጣቢያ የላቦራቶሪ ረዳት ነበረች። ህንድ አገር ሄዳ እንድትሠለጥን ዕድል መጣላት። ከማመልከቻው አንድ ገጽ ብቻ ሳይሞላ ቀረ፤ የእንግሊዝኛ ችሎታዋን አስተማሪዋ የሚመሰክርበት ገጽ። በገጹ ግርጌ ውጤትን ወደ ደረጃ የሚቀይር ሠንጠረዥ ነበር። ከመቶው እስከ ሃምሳ ያገኘ ጀማሪ፣ እስከ ሰባ አምስት መካከለኛ፣ ከዚያ በላይ ከፍተኛ። ተቀባይነት ያለው ከፍተኛ ብቻ ነው ይላል። እህቴ ያላት ስልሳ አራት ነው። ማመልከቻው ደግሞ ሰኞ ጠዋት መግባት አለበት።

ቅዳሜ ከምሳ በኋላ ሁለታችን አስተማሪዋ ቤት ሄድን። የሁሩታ ሰው ናቸው፤ ከሥራ በኋላ የሚማሩትን ሠራተኞች ሁሉ እንግሊዝኛ ያስተማሩ። በማርክ ስስታቸው ከተማው ያውቃቸዋል። «መቶ መጽሐፉን ለጻፈው፣ ዘጠና ለእኔ፤ የተረፈውን እናንተ ተካፈሉ» ይሉ ነበር።

«አካም ጅርቱ፣ ግቡ» ብለው በኦሮምኛ ሰላም አሉን። ገጹን አንብበው ጠረጴዛው ላይ አስቀመጡት።

«ጋሼ፣ ሰባ ስድስት ቢያደርጉላትስ?» አልኳቸው።

«ጓድ ጋዜጠኛ፣ አንተ የጠጠሩን መንገድ አስፋልት ነው ብለህ ትጽፋለህ?»

«አልጽፍም።»

በዚያ ዘመን እንዲህ ዓይነት ነገር ተጽፎ እንደሚያውቅ እሳቸውም እኔም እናውቃለን።

«ተወው» አለችኝ እህቴ። «ያላገኘሁትን ቁጥር ይዤ ባሕር አልሻገርም።» ገጹን ግን ከጠረጴዛው አላነሣችውም።

ያኔ የድሮ የማርክ መዝገቦቻቸው ይኖሩ እንደሆነ ጠየቅኳቸው። ከአልጋው ሥር የብረት ሳጥን ጎትተው አወጡ፤ አንድም አልጣሉም። ባለቤታቸው ፓፓያ ቆርጠው አቀረቡልን። እኔ እያነበብኩ፣ እህቴ እየጻፈች፣ የአሥራ አንድ ዓመቱን መዝገብ ገጽ በገጽ አየን። እንዳልተሳሳትኩ ለማረጋገጥ ሁለተኛ ቆጠርኩ። በአሥራ አንዱ ዓመት ውስጥ ከስልሳ አራት በላይ ያገኘ ሰው የለም። ስልሳ አራት ያገኘችውም አንዲት ናት።

መነጽራቸውን አወለቁ። «እንዲህ ጨካኝ ነኝ እንዴ?»

«ጋሼ፣ ስንነግርዎ ከረምን እኮ» አለች እህቴ።

ባለቤታቸው ከጓዳ ሆነው ሳቁ። እሳቸው አልሳቁም። መዝገቡን ራሳቸው መልሰው አገላበጡት፤ ከዚያ ወንበራቸውን ወደ እህቴ አዙረው፣ በእንግሊዝኛ፣ ወባ እንደያዘው በሽተኛ ሆነው አናገሯት። ደማቸውን እንዴት እንደምትመረምር ማስረዳት ጀመረች። ያቋርጧታል፤ ጣቴ አመመኝ ይላሉ፣ መርፌው ንጹሕ ነው ወይ ይላሉ፣ መስታወቱ ላይ ምን አየሽ ይላሉ። አንዴ ቃል ጠፍቷት በሌላ መንገድ ዞራ ደረሰችበት። መልስ ያላገኘችለት ጥያቄ አልነበረም። በመጨረሻ መድኃኒቱን ሳይጨርሱ እንዳያቆሙ ተቆጣቻቸው።

እስክሪብቶ አነሡ። ውጤት በሚለው ቦታ ስልሳ አራት፣ ደረጃ በሚለው ቦታ ከፍተኛ ብለው ጻፉ። ሁለቱ ስላልተስማሙ ሌላ ወረቀት አያያዙ፤ በአሥራ አንድ ዓመት የሰጡት ትልቁ ማርክ ይህ መሆኑን፣ እሳቸውንም በእንግሊዝኛ መርምራ ማከሟን የሚገልጽ። «ይኼን ሠንጠረዥ የሠራው ሰው እኔን አያውቀኝም» አሉ፣ ፊርማቸው እስኪደርቅ እፍ እያሉ።

ሰኞ አስገባን። ከሁለት ወር በላይ ጠበቅን። በመሀል እህቴ ሁለቴ ተስፋ ቆርጣ ሻንጣዋን ለጎረቤት አውሳለች።

ደብዳቤው ሲመጣ በቀጥታ ይዘንላቸው ሄድን። በር ላይ ቆመው አነበቡት። ተቀብለዋታል። ደብዳቤውን ግን ወዲያው አልመለሱልንም፤ ወደ ቤት ገብተው ቀዩን እስክሪብቶ ፈለጉና የህንዱን ኃላፊ ሁለት ስህተት አረሙለት። እህቴ ያንኑ የታረመ ደብዳቤ ይዛ ህንድ ሄደች።